የውጭ ቀረጥ በሰሊጥ፣ በቡና እና በጥራጥሬ ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ጫና እንዴት ይመዘናል?

አንድ ሀገር በሚያስገባው ምርት ላይ ቀረጥ ጨመረ ወይም አነሳ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች፣ በጅማ የቡና ማሳዎች እና በሸዋ ሮቢት የማሾ ገበያ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእኛ ምርት ዋጋ ምን ይሆናል?»

መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። በታላቅ ድምፅ የሚነገር አንዳንድ የቀረጥ ዜና በአርሶ አደሩ ገቢ ላይ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ያልፋል። ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ውሳኔ ደግሞ በአንድ የመኸር ወቅት ውስጥ የኩንታሉን ዋጋ ሊጥለው ይችላል። ልዩነቱን ያልተረዳ አምራች ዋጋ ይጨምራል ብሎ ምርቱን ከመጋዘን ሳያወጣ ይከርማል፤ ወይም ዋጋ ሊወድቅ ነው በሚል ወሬ ተደናግጦ በርካሽ ይሸጣል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የቀረጥን ተጽዕኖ ለመመዘን የሚያስችሉ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ከቅርብ ዓመታት ተጨባጭ ክስተቶች ጋር እያያያዝን ቀጥሎ እንመለከታለን።

ቀረጥ ምንድን ነው? ማንስ ይከፍለዋል?

የጉምሩክ ቀረጥ አንድ ሀገር ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጥለው ክፍያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ዕቃው ወደብ ሲደርስ ባለው ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። አንዳንድ ሀገሮች በቶን ወይም በኪሎ ግራም የተወሰነ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ኮታ የሚጠቀሙም አሉ፤ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ዝቅተኛ ቀረጥ አስከፍለው ከዚያ በላይ በሚገባው ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ይጥላሉ።

ቀረጡን ለጉምሩክ የሚከፍለው የገዥው ሀገር አስመጪ ነው። ኢትዮጵያዊው ላኪም ሆነ አርሶ አደሩ ለባዕድ ሀገር ጉምሩክ በቀጥታ የሚከፍሉት ነገር የለም። ሸክሙ ግን አስመጪው ትከሻ ላይ ላይቀር ይችላል። አስመጪው የመሸጫ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ወደ ሸማቹ ሊያሻግረው፣ ከላኪው የሚገዛበትን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ወደ አምራቹ ሊመልሰው ወይም ከትርፉ ቀንሶ ራሱ ሊሸከመው ይችላል። በተግባር ሦስቱም ይካፈሉታል፤ ማን የበለጠውን እንደሚሸከም የሚወስነው የመደራደር አቅም ነው።

ሸክሙ ወደ አምራቹ ሲመለስ የሚያስከትለው ጉዳት ከቀረጡ መቶኛ ይበልጣል። ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ የውጭ ገዥ ለተወሰነ መጠን ሰሊጥ 100 ብር ብቻ ለማውጣት ዝግጁ ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ ለማበጠር፣ ለመጋዘን፣ ለመኪና፣ ለወደብ እና ለባሕር ጭነት 30 ብር ይወጣል፤ ለአምራቹ 70 ብር ይደርሰዋል። አሁን 10 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። ገዥው ከ100 ብር በላይ አልከፍልም ካለ ቀረጡ ሳይጨመር የዕቃው ዋጋ ወደ 91 ብር ገደማ መውረድ አለበት። የማጓጓዣው 30 ብር ግን አይቀንስም፤ ሹፌሩም መርከቡም ቀረጥ ተጣለ ብለው ዋጋ አይቀንሱምና። ስለዚህ አምራቹ እጅ የሚገባው 61 ብር ገደማ ይሆናል። ወደብ ላይ 10 በመቶ የነበረው ቀረጥ እርሻው ዘንድ ሲደርስ 13 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከወደብ በራቅን እና የማጓጓዣ ወጪያችን በጨመረ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። የባሕር በር ለሌላት ሀገር አምራች ጉዳዩ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

አንደኛ ጥያቄ፦ ቀረጡ በእኛ ምርት ላይ በእርግጥ ተለውጧል?

የቀረጥ ዜና ሲሰማ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ ለውጡ የሚመለከተውን ምርት በስም መለየት ነው። ሁለት ምሳሌዎች ነገሩን ያብራራሉ።

የመጀመሪያው አጎዋ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ ዕድል ተጠቃሚነት የወጣችው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ ነው። በወቅቱ «ቡናችንም ተጎዳ» የሚል ስጋት ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን አሜሪካ ያልተቆላ ቡናን ከየትኛውም ሀገር ቢመጣ በመደበኛ ታሪፏ ያለ ቀረጥ ታስገባ ስለነበር፣ ቡና ለነጻ ዝውውሩ የአጎዋ ድጋፍ አላስፈለገውም። በእጅጉ የተጎዳው ከፍተኛ ቀረጥ ያለበት የልብስ ስፌት ምርት እና በኢንዱስትሪ ፓርኮች ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቻይና ናት። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ቻይና፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካላት እና በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ከሚገኙ ሀገሮች የሚገቡ ምርቶችን ሁሉ ከቀረጥ ነጻ አድርጋለች። ዜናው ትልቅ ነበር፤ ለበርካታ ምርቶችም አዲስ በር የሚከፍት ነው። የሰሊጥ አምራች ግን ከዚህ የተነሳ የተለየ የዋጋ ጭማሪ መጠበቅ አይኖርበትም። ምክንያቱም ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለተመረጡ የአፍሪካ ሀገሮች በፈቀደችው የ190 ምርቶች ዝርዝር ውስጥ ሰሊጥ ተካቶ ስለነበር የኢትዮጵያ ሰሊጥ ቀድሞውኑ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ዜሮ የነበረው ዜሮ ሆኖ ቀጠለ። ይህን ሳያጣሩ ዋጋ ይንራል ብሎ ምርት ማቆየት ለብድር ወለድ፣ ለተባይ እና ለጥራት መጓደል ከመዳረግ በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ተፎካካሪዎቻችንስ ስንት ይከፍላሉ?

የቀረጥ ጥቅም ወይም ጉዳት የሚለካው በራሱ መጠን ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪ ከሚከፍለው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሁሉም ሻጭ እኩል 10 በመቶ ከከፈለ ማንም ከማንም አይበልጥም። ሁሉም ዜሮ ከከፈለም እንዲሁ። ልዩነት የሚፈጠረው አንዱ ከፍሎ ሌላው ሳይከፍል ሲቀር ነው።

የሰሊጥን ገበያ እንውሰድ። ቻይና በዓለም ከፍተኛውን የሰሊጥ መጠን የምታስገባ ሀገር ናት። መደበኛ ቀረጧ 10 በመቶ ነው። ኢትዮጵያ ዜሮ ትከፍላለች፤ ነገር ግን ሱዳን፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ኒጀር እና ቶጎም ዜሮ ይከፍላሉ። ስለዚህ ከእነዚህ ሀገሮች ጋር በሚደረገው ፉክክር የቀረጥ ነጻነቱ ብልጫ አይሰጠንም፤ የሚለየን ጥራት፣ ንጽሕና፣ በውሉ ቀን ማድረስ እና የማጓጓዣ ወጪ ነው። ብልጫ የሚሰጠን መደበኛውን ቀረጥ ከሚከፍሉት እንደ ብራዚል ካሉ ሀገሮች ጋር ስንወዳደር ነው። ብራዚል በኅዳር 2017 ዓ.ም ሰሊጧን ወደ ቻይና ለመላክ የሚያስችላትን ስምምነት ፈርማ ወደ ገበያው ገብታለች። በሰፋፊ እርሻ እና በማሽን የምታመርት በመሆኗ 10 በመቶው ቀረጥ ለእኛ እንደ አጥር ያገለግላል፤ ሆኖም ይህ አጥር ብቻውን የሚያዘልቅ አይደለም።

አጥሩ ሊሳሳ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ምልክትም አለ። ቻይና በሰኔ 2017 ዓ.ም የቀረጥ ነጻ ዕድሉን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ላላቸው 53 የአፍሪካ ሀገሮች በሙሉ ለማዳረስ ማቀዷን አስታውቃለች። ከእነዚህ አንዷ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ከሚመደቡት ውጪ የሆነችው እና ከፍተኛ የሰሊጥ አምራች የሆነችው ናይጄሪያ ናት። በንግድ ባለሙያዎች ዘንድ ይህ የዕድል መሸርሸር ይባላል። እኛ ላይ ምንም ቀረጥ ሳይጨመር ለሌላው ስለተነሳለት ብቻ ብልጫችን ይቀንሳል። ስለ እኛ ያልተነገረ ዜናም እኛን ሊመለከት እንደሚችል የሚያስገነዝብ ነው።

በቡና በኩል ደግሞ ተቃራኒው ታይቷል። አሜሪካ ከመጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአብዛኞቹ ሀገሮች ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። በቀጣዮቹ ወራት የቬትናም ወደ 20 በመቶ ከፍ አለ፤ ከሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የብራዚል 50 በመቶ ደረሰ። የኢትዮጵያ ቡና 10 በመቶ ተጥሎበትም እንኳ ከብራዚል ቡና ጋር ሲነጻጸር የተሻለ ቦታ ላይ ነበር። ቀረጥ ተጥሎብን ሳለ በንጽጽር ተጠቃሚ የሆንንበት አጋጣሚ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ጥቅም አጋኖ ማየት አይገባም። ብራዚል ወደ አሜሪካ ያልላከችው ቡና አልጠፋም፤ ወደ አውሮፓ እና ወደ ሌሎች ገበያዎች አቅንቷል። እነዚህ ደግሞ የእኛም ገበያዎች ናቸው። አንዱ በር ሲዘጋበት ወደ ሌላው በር የሚሄደው ተፎካካሪ በዚያ በር ከእኛ ጋር ይጋፋል።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ገዥው ሌላ አማራጭ አለው?

የቀረጡን ሸክም ማን እንደሚሸከም ለማወቅ ገዥው ምርቱን ከሌላ ቦታ ማግኘት መቻል አለመቻሉን ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ምርቶች፣ ቡና እና አኩሪ አተር፣ የነገሩን ሁለት ጫፍ ያሳያሉ።

አሜሪካ ከሃዋይ እና ከጥቂት ሌሎች አካባቢዎች በስተቀር ቡና አታመርትም፤ የምትጠጣውን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ ታስገባለች። በሀገር ውስጥ የሚተካው ስለሌለ ቀረጡ የወደቀው በአመዛኙ በራሷ ሸማቾች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በአሜሪካ የቡና የችርቻሮ ዋጋ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ወደ 19 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር። በብራዚል የደረሰው ድርቅም ለዚህ የራሱ ድርሻ ነበረው። በመጨረሻም የሀገሪቱ መንግሥት በኅዳር 2018 ዓ.ም መጀመሪያ ቡናን እና ሌሎች በሀገር ውስጥ የማይመረቱ የግብርና ምርቶችን ከተጨማሪው ቀረጥ ነጻ አደረገ፤ ከቀናት በኋላም በብራዚል ቡና ላይ የነበረውን ልዩ ቀረጥ አነሳ። ሸማቹ የሚሸከመው ቀረጥ ዕድሜው አጭር የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ መሆኑን ይህ ያሳያል።

አኩሪ አተር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቻይና ለአሜሪካ ቀረጥ ምላሽ በሰኔ 29 ቀን 2010 ዓ.ም በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ቻይና አማራጭ ነበራት፤ ብራዚል በቂ ምርት ነበራት። ስለሆነም ገዥው ፊቱን ወደ ብራዚል አዞረ፤ የአሜሪካ አርሶ አደር ዋጋ ወረደበት፤ የብራዚሉ ደግሞ ተጨማሪ ዋጋ አገኘ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 አጋማሽ እስከ 2019 መጨረሻ የሀገሪቱ የግብርና ወጪ ንግድ በበቀል ቀረጥ ሳቢያ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጥቷል፤ ከዚህም 71 በመቶ ገደማው የአኩሪ አተር ነበር። መንግሥት ጉዳቱን ለማካካስ በሁለት ዙር እስከ 28 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ለአርሶ አደሮቹ አዘጋጅቷል።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል። በዚህ ታሪክ ከተጎዳው ወገን የተሻለ የተደገፈው የሀብታም ሀገር አርሶ አደር ነው። በጃዊ ወይም በፓዌ አካባቢ አኩሪ አተር የሚያመርት አርሶ አደር የዓለም ዋጋ ቢወርድበት እንዲህ ያለ ካሳ የሚከፍለው ካዝና አይጠብቀውም። ስለዚህ ለእርሱ መከላከያው አስቀድሞ መረጃ ማግኘት፣ በአንድ ምርት ላይ ብቻ አለመንጠልጠል እና በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ከአንድ በላይ ገዥ ማፈላለግ ነው።

አራተኛ ጥያቄ፦ ቀረጡ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ለአርሶ አደር ከከፍተኛ ቀረጥ የማይተናነሰው ችግር የሚዋዥቅ ቀረጥ ነው። ዘር ሲዘራ የነበረው ሕግ ምርት ሲሰበሰብ ላይኖር ይችላልና።

ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ህንድ ናት። ህንድ በዓለም ጥራጥሬን በማምረትም ሆነ በመመገብ ቀዳሚ ሀገር ናት። ዝናቡ ሰምሮላት ምርቷ ሲትረፈረፍ የራሷን አርሶ አደር ለመጠበቅ ቀረጥ ትጨምራለች፤ ምርቷ ሲቀንስ እና የከተማው ሸማች ዋጋ ሲከብደው ቀረጡን ታነሳለች። በሽምብራ ላይ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም 30 በመቶ ቀረጥ ጣለች፤ በጥር ወደ 40፣ በየካቲት ወደ 60 በመቶ አሳደገችው። ይህ ሁሉ የሆነው በሦስት ወራት ውስጥ ነው። ዋነኛ አቅራቢ የነበሩት የአውስትራሊያ አምራቾች ገበያቸውን አጡ። ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም መጨረሻ፣ ህንድ ምርት ሲያጥራት የደሲ ሽምብራን ቀረጥ ሙሉ በሙሉ አነሳች። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ አድርጋዋለች።

ቀደም ሲል ባየነው ስሌት 60 በመቶ ቀረጥን ብንሞክር ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ገዥው ከ100 ብር በላይ አልከፍልም ካለ ዕቃው ከቀረጥ በፊት 62 ብር ከ50 ሳንቲም ያወጣል፤ 30 ብር የማጓጓዣ ወጪ ሲቀነስ ለአምራቹ የሚተርፈው 32 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከገቢው ከግማሽ በላይ ጠፋ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀረጥ ንግዱን ከመቀነስ አልፎ ያቆመዋል።

በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ ሀገሮች ግን ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የተለየ የቀረጥ ዕድል ትሰጣለች። የታንዛኒያ ሽምብራ በዚህ መንገድ ከከፍተኛው ቀረጥ ውጪ ሆኖ ወደ ህንድ መግባት ችሏል። ኢትዮጵያም የዚሁ ዕድል ተጠቃሚ ናት። በአፍሪካ ቀዳሚ የሽምብራ አምራች ለሆነች ሀገር ይህ ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ ተፎካካሪ ላይ አጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር በተከፈተው ጠባብ በር ማለፍ የሚችል ላኪ ያተርፋል።

ከቀረጥ በላይ የሚከብደው ግን ክልከላ ነው። ህንድ በየካቲት 2014 ዓ.ም ማሾን በነጻነት ከሚገቡ ምርቶች ዝርዝር አውጥታ በልዩ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ አድርጋለች። በዚህ ጊዜ የቀረጡ መጠን ዜሮም ይሁን ሃያ ትርጉም አይኖረውም፤ በሩ ራሱ ተዘግቷልና። በሰሜን ሸዋ እና በደቡብ ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ማሾ የሚያመርቱ አርሶ አደሮች የአንድን ሀገር ገበያ ብቻ ተማምነው ማሳቸውን በሙሉ ለማሾ ማዋል የማይኖርባቸው ለዚህ ነው።

አምስተኛ ጥያቄ፦ ከቀረጥ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ቀረጥ ዜሮ ሆኖም ምርት ወደብ ላይ ሊቆም ይችላል። ጃፓን ያልተቆላ ቡናን ያለ ቀረጥ ታስገባለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በመገኘቱ ወደዚያች ሀገር የሚላከው ቡና በእጅጉ አሽቆልቁሎ ነበር። ቡናው በአመዛኙ ያለ ኬሚካል የሚመረት በመሆኑ ጥርጣሬው ያረፈው በማሳው ላይ ሳይሆን በተበከለ ጆንያ ላይ ነበር። አንድ ጆንያ ያመጣውን ጣጣ ምንም ዓይነት የቀረጥ ዕድል ሊያካክሰው አልቻለም።

የአውሮፓ ኅብረትም ከኢትዮጵያ የሚገባ ምርትን ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ያለ ቀረጥ የሚቀበል ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ዘርግቷል። ኅብረቱ ከሌሎች ሀገሮች በሚገባ የተቆላ ቡና ላይ 7 ነጥብ 5 በመቶ ቀረጥ ሲያስከፍል ለእኛ ዜሮ ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ ሰሊጥ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ስጋት ምክንያት በኅብረቱ ድንበር ላይ የተጠናከረ ምርመራ ይደረግበታል። ሰሊጡ ሜዳ ላይ ሲወቃ፣ ከእንስሳት ንክኪ ሳይጠበቅ ሲከማች የሚፈጠረው ብክለት እዚያ ድረስ ተከትሎት ይሄዳል። በሸራ ላይ መውቃት እና በንጹሕ ጆንያ ማስቀመጥ ከቀረጥ ድርድር ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

በቡና ላይ ደግሞ የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል የወጣው የአውሮፓ ሕግ አለ። ሕጉ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት ማሳ አለመምጣቱን የማሳው መገኛ ጭምር ተመዝግቦ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የተግባራዊነቱ ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ዝግጅቱ የሚቀር አይደለም። በ2017 በጀት ዓመት ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ላስገኘ ምርት እያንዳንዱ ማሳ መመዝገቡ የአርሶ አደሩም የሀገርም ጉዳይ ነው።

ሌላው ወሳኝ ነገር የሥሪት ሀገር የምስክር ወረቀት ነው። ቻይናም ሆነች ህንድ ወይም አውሮፓ የቀረጥ ዕድሉን የሚሰጡት ምርቱ በእርግጥ ከኢትዮጵያ መነሳቱ በየሥርዓታቸው መሠረት በማስረጃ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ማስረጃው ከጎደለ ወይም ስሕተት ካለበት አስመጪው መደበኛውን ቀረጥ ይከፍላል፤ ልዩነቱንም በቀጣዩ ውል ከላኪው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። በኮንትሮባንድ ድንበር የሚሻገር ምርትም የኢትዮጵያን ስም እና የቀረጥ ዕድል ይዞ መሻገር አይችልም።

የብር ምንዛሪ እና የቀረጥ ንጽጽር

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን መዘንጋት የሌለበት የምንዛሪ ለውጥ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር የሚሸጥ ምርት በብር የሚያስገኘው ገቢ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ከዚህ ጋር ሲተያይ 10 በመቶ ቀረጥ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው። በሌላ በኩል የማዳበሪያ፣ የነዳጅ እና የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ አርሶ አደሩ የኩንታሉን የብር ዋጋ ካለፈው ዓመት ጋር ብቻ ሳይሆን በዚያ ገንዘብ ሊገዛ ከሚችለው ማዳበሪያ ጋር እያነጻጸረ ቢያይ ትክክለኛውን ትርፍ ያውቃል።

የራሳችን ቀረጥ፦ በአምራቹ እና በሸማቹ መካከል

እስካሁን ያየነው ሌሎች በእኛ ምርት ላይ የሚጥሉትን ነው። ኢትዮጵያም በምታስገባው ምርት ላይ ቀረጥ ትጥላለች፤ ይህም የከተማውን ነዋሪ በቀጥታ ይመለከተዋል። ሩዝን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው አርሶ አደር ከእስያ ከሚገባ ሩዝ ጋር በአንድ ገበያ ይወዳደራል። በሚገባው ሩዝ ላይ ቀረጥ ሲጨመር የፎገራው አምራች የተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ የባሕር ዳር እና የአዲስ አበባ ሸማች ግን ይበልጥ ይከፍላል። ቀረጡ ሲነሳ ተቃራኒው ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም የኑሮ ውድነት ሲበረታ መንግሥት ስንዴ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ የምግብ ዘይት እና የሕፃናት ወተት ያለ ቀረጥ እንዲገቡ ፈቅዶ ነበር። ለሸማቹ እፎይታ ተብሎ የተወሰደው እርምጃ ለሀገር ውስጥ አምራች የፉክክር ጫና ይዞ ይመጣል። የትኛውም ውሳኔ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ይነካል፤ ቀረጡ የሚጨመርበት ወይም የሚነሳበት ጊዜ ግን ጉዳቱን ሊያሰፋው ወይም ሊያጠበው ይችላል። የአዝመራ መሰብሰቢያ ወቅት ላይ ቀረጥ ማንሳት አምራቹን በምርቱ መሸጫ ሰዓት ይመታዋል፤ ምርት በሚያጥርበት የክረምት ወራት ማንሳት ግን ሸማቹን ሲረዳ አምራቹን እምብዛም አይጎዳውም።

ዜናውን ወደ ውሳኔ መለወጥ

የቀረጥ ዜና ሲሰማ፣ ከመሸጥ ወይም ከማቆየት በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይጠቅማል።

— ለውጡ የእኔን ምርት በስም ይጠቅሳል? ቀድሞ የነበረው ቀረጥ ስንት ነበር፤ አሁንስ?

— ተመሳሳይ ምርት የሚልኩ ሀገሮች ከእኛ ያነሰ ወይስ የበለጠ ይከፍላሉ?

— ገዥው ሀገር ምርቱን ከሌላ ቦታ ወይም ከራሱ ማሳ ማግኘት ይችላል?

— ውሳኔው የቀን ገደብ አለው? የገዥው ሀገር አዝመራ መቼ ይሰበሰባል?

— የጥራት፣ የምርመራ እና የሥሪት ሀገር ማስረጃ መስፈርቱን የሚያሟላ ላኪ ወይም ዩኒየን በአቅራቢያዬ አለ?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ አርሶ አደር ብቻውን መልሶ አይጨርሳቸውም። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች እና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየፊናቸው የያዙት መረጃ አለ። ዩኒየኖች ከዓመታዊ ስብሰባቸው በአንዱ የገዥ ሀገሮችን የቀረጥ ሁኔታ ለአባሎቻቸው ቢያስረዱ፣ አባላቱም ቢጠይቁ፣ ወሬ በመረጃ ይተካል።

የሰሊጥ አምራቹ በሰኔ መሬቱን ሲያለሰልስ የቻይናን፣ የህንድን ወይም የአሜሪካን ውሳኔ ሊቆጣጠር አይችልም። በእጁ ያለው ምን ያህል ሄክታር ለየትኛው ምርት እንደሚያውል፣ አዝመራውን ምን ያህል በንጽሕና እንደሚሰበስብ፣ ለማን እና መቼ እንደሚሸጥ መወሰን ነው። የቀረጥን አሠራር ማወቅ የሚጠቅመው እነዚህን ውሳኔዎች ከወሬ በፊት በስሌት ለመወሰን ነው።